ታርታን፦ ከስኮትላንድ ደገኞች ጨርቅ እስከ ሯጮች መም

በሩጫ ሰው አፍ «ታርታን» የማይጠፋ ቃል ነው። አሰልጣኙ «ማክሰኞ ታርታን እንገባለን» ይላል፤ አትሌቷ «ባቴን ያመመኝ ታርታን ስላበዛሁ ነው» ትላለች፤ በአንድ ከተማ አዲስ ስታዲየም ሲመረቅም መጀመሪያ የሚጠየቀው ታርታን ይኑረው አይኑረው ነው። መም ስንል ማንኛውንም የመሮጫ ዙር ማለታችን ነው። ታርታን ስንል ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀይ የሆነውን፣ ሲረግጡት ነጠር የሚያደርገውን፣ ዝናብ የማያጨቀየውን መም ነው። ቃሉ እዚህ የደረሰው ማንም ሊገምተው በማይችል መንገድ ነው፤ ከጨርቅ ተነሥቶ፣ በማጣበቂያ ፋብሪካ አልፎ፣ በፈረስ ውድድር ሜዳ ዞሮ። ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ በቅደም ተከተል መናገር ይሻላል። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1538 የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ 5ኛ ግምጃ ቤት ሒሳብ ጸሐፊ ለንጉሡ ሱሪ የተገዛ «የደጋ ታርታን» ብሎ መዝግቧል። ቃሉ በጽሑፍ ከሚገኝባቸው የቆዩ ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ብዙዎቹ ሥሩን ከበፍታና ከሱፍ ተቀላቅሎ ለሚሸመን ጨርቅ ከተሰጠ የጥንት ፈረንሳይኛ ስም ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ ታርታን መጀመሪያ የሚያመለክተው የጨርቁን ዓይነት ነበር፤ ቀለሙን ወይም ሥዕሉን አልነበረም። የስኮትላንድ ደገኞች ግን ሱፋቸውን በየቀለሙ እየነከሩ በቁምና በአግድም በሚያልፉ መስመሮች ዳማ ዳማ አድርገው ይሸምኑ ስለነበር፣ ውሎ አድሮ ስሙ ከጨርቁ ወደ ሥዕሉ ተሻገረ።

ይህ ጨርቅ አንድ ጊዜ ወንጀል ሆኖ ነበር። በ1746 ደገኞቹ ከለንደን መንግሥት ጋር ባደረጉት ጦርነት ከሎደን ላይ ድል ሲሆኑ፣ ፓርላማው የደጋ ልብስ መልበስን የሚከለክል ሕግ አወጣ። መጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ የአቀባበሉን ሥርዓት ያሰናዳው ደራሲው ዋልተር ስኮት ነበር፤ ንጉሡ ራሱ የደጋ ልብስ ለብሶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጎሣ የራሴ የሚለው ዳማ እንዲኖረው ተደረገ፣ ታርታንም በዓለም ዘንድ የስኮትላንድ መለያ ሆነ። የተከለከለ ልብስ በአርባ ዓመት ውስጥ የንጉሥ ልብስ መሆኑን ልብ ይሏል።

በዚያው ክፍለ ዘመን ከድንበሩ በስተደቡብ፣ እንግሊዝ ውስጥ፣ ሩጫ ከገጠር መንገድና ከሣር ሜዳ ወጥቶ ወደ ልዩ መም እየገባ ነበር። የእንፋሎት ሞተርና የባቡር ዘመን ነውና በየፋብሪካው ጓሮ የተቃጠለ ከሰል አመድና ጥቀርሻ ተራራ ሆኖ ይከመራል። አንድ ሰው ይህን ትርፍ ነገር መሬት ላይ አንጥፎ ቢጠቀጥቀው ውኃ የሚያሳልፍ፣ ከሣር ይልቅ የጠነከረ መሮጫ እንደሚሆን አየ። ለንደን ውስጥ ሊሊ ብሪጅ በ1869፣ ዛሬ የቼልሲ እግር ኳስ ሜዳ የሆነው ስታምፎርድ ብሪጅም በ1877 የአትሌቲክስ ሜዳ ሆነው ተከፈቱ። ከታች ድንጋይ ይደለደላል፣ በላዩ ሸካራ ጥቀርሻ፣ ከዚያ በላይ የተነፋ ደቃቅ አመድ ይነጠፍና በከባድ መዳመጫ ይዳመጣል። መስመሩ በኖራ ይሠመራል።

እንዲህ ያለ መም የሚኖረው በጠባቂው ነው። ሲደርቅ ውኃ ያጠጣዋል፣ ሲረጥብ እስኪመጥ ይጠብቃል፣ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ሬክ ይዞ የተቆፈረውን ያስተካክላል። የስታምፎርድ ብሪጁ ጠባቂ ቻርልስ ፔሪ በዚህ ሙያው ከመታወቁ የተነሣ በ1896 ለመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ አቴንስ ድረስ ተጠርቶ የእብነ በረዱን ስታዲየም መም እርሱ ሠራ። ጥንታዊው ስታዲየም ረዥምና ጠባብ ስለሆነ ማጠፊያዎቹ ስል ነበሩ፤ ሯጮቹም እንደ ሰዓት ዘንግ፣ ከዛሬው በተቃራኒ አቅጣጫ ነበር የሚዞሩት። የመሙ ርዝመትም ቢሆን ገና አልጸናም። በለንደን 1908 አንድ ዙር 536 ሜትር ነበር፤ በፓሪስ 1924 ደግሞ 500 ሜትር። በአምስተርዳም 1928 ላይ 400 ሜትር ሆነ፣ በዚያው ቀረ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1902 ሚኒሶታ ውስጥ፣ ቱ ሃርበርስ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ አምስት ሰዎች የማዕድን ኩባንያ አቋቋሙ። ያሰቡት ለመሞረጃ ድንጋይ የሚሆን ኮረንደም የተባለ ጠንካራ ማዕድን ማውጣት ነበር። የቆፈሩት ድንጋይ ግን ኮረንደም ሆኖ አልተገኘም። ኩባንያው ከመፍረስ የዳነው ማዕድን ማውጣቱን ትቶ የብርጭቆ ወረቀት ወደ መሥራት በመዞሩ ነው። ዛሬ ዓለም «3ኤም» ብሎ የሚያውቀው እርሱን ነው። በ1907 ዊልያም ማክናይት የተባለ ወጣት በረዳት የሒሳብ መዝገብ ያዥነት ተቀጠረ፤ ይህ ሰው በኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎም ሊቀ መንበር ሆነ፤ ታሪካችን ላይ ተመልሶ ይመጣል።

በ1920ዎቹ መኪና በሁለት ቀለም መቀባት ፋሽን ነበር። ቀለም ቀቢዎች አንዱን ቀለም ለመከለል ጋዜጣ ይለጥፋሉ፤ ሲያነሡት የተቀባው አብሮ ይላጣል። የ3ኤም የብርጭቆ ወረቀት ናሙና ይዞ ወደ ጋራዦች ይመላለስ የነበረው ሪቻርድ ድሩ ይህን አይቶ በ1925 ሲላቀቅ ቀለም የማያነሣ ተለጣፊ ወረቀት ሠራ። ኩባንያው ራሱ ሲያወራው እንደኖረው፣ የመጀመሪያው ናሙና ሙጫ የነበረው በጠርዝና በጠርዙ ብቻ ነበር፤ አልያዝ ያለው አንድ ቀለም ቀቢ ተናዶ «ወስደህ ለእነዚያ ስኮች አለቆችህ መልስላቸው» አለ። በዚያ ዘመን አነጋገር «ስኮች» ማለት ንፉግ፣ ቋጣሪ ማለት ነበር፤ በአንድ ሕዝብ ላይ የተለጠፈ ስድብ። ኩባንያው ስድቡን አንሥቶ የንግድ ስም አደረገው። በ1930 ያው ድሩ የሚያሳየውን ቀጭን ተለጣፊ ፕላስቲክ ሠራ፣ እርሱም በዚሁ ስም ተሸጠ። እኛ ዛሬ በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ «ስኮች ስጠኝ» የምንለው ይህንኑ ነው። ስሙ ስኮትላንድን ካነሣ ዘንድ ማሸጊያውም ይምሰለው ተባለና በ1940ዎቹ ኩባንያው የደገኞቹን ዳማ በካርቶኑ ላይ አተመ። ታርታን የሚለው ስም ከማጣበቂያው ሣጥን ላይ ሆኖ ሌላ ሥራ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

መሙ የሚሠራበት ነገርም ቢሆን በዚያው ዘመን ተገኝቷል። በ1937 ጀርመን ሌቨርኩዘን ውስጥ ኦቶ ባየር የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ከቡድኑ ጋር ፖሊዩረቴንን አገኘ። ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይረጋሉ፤ እንደ አቀማመማቸው ስፖንጅ፣ ቀለም ወይም ጎማ መሰል ነገር ይወጣቸዋል። በዚያን ጊዜ ስለ ሩጫ ያሰበ አልነበረም።

ሯጮች ገና አመድ ላይ ነበሩ። ግንቦት 6 ቀን 1954 ኦክስፎርድ በሚገኘው የኢፍሊ ሮድ መም ሮጀር ባኒስተር አንድ ማይልን በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ጨርሶ የአራት ደቂቃን ግድግዳ ሲሰብር የረገጠው የከሰል አመድ ነው። ባኒስተር የሕክምና ተማሪ ነበርና የዚያን ዕለት ጠዋት በሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ የጫማውን ሚስማሮች በመሳያ ድንጋይ ሞረዳቸው፣ እርጥብ አመድ እንዳይለጠፍባቸውም ግራፋይት ቀባቸው። የሰው ልጅ ታላቅ ከሚለው ሩጫ በፊት የሯጩ ጭንቀት ጭቃ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ገባች፤ ሜልበርን 1956። ከተላኩት መካከል የክቡር ዘበኛው ማሞ ወልዴ አንዱ ነው። 800 ሜትር፣ 1500 ሜትርና የ4 ጊዜ 400 ዱላ ቅብብል ሮጠ፤ ከማጣሪያ አላለፈም። ያኔ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው የመም ታሪክ በሙሉ በእርሱ እግር ሥር ስለሚያልፍ ስሙን እንያዝ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዊልያም ማክናይት የ3ኤም ሊቀ መንበር ነው፤ ፈረስ አፍቃሪም ሆኗል። ፍሎሪዳ ውስጥ የዘር ፈረስ የሚያረባበት እርሻ ነበረው፤ የሰጠውም ስም ታርታን ነው። ፈረሶች በጭቃ ቀን እንደሚንሸራተቱ፣ በደረቅ ቀንም ጠንካራ መሬት እግራቸውን እንደሚሰብር ባለቤቱ ያውቃል። የኩባንያው ሰዎች ከፖሊዩረቴን የተሠራ፣ ዝናብም ፀሐይም የማይለውጠው ንጣፍ አዘጋጁ። በ1963 ፔንስልቬንያ ውስጥ ሜዶውስ የተባለ የሠረገላ ፈረስ ውድድር ሜዳ በዚህ ንጣፍ ተከፈተ። ስሙም ታርታን ተባለ። በዚያው ጊዜ ሴንት ፖል ከተማ የኩባንያው ጎረቤት በሆነው ማካሌስተር ኮሌጅ ለሰው መሮጫ የሚሆን መም ተነጠፈ።

ንጣፉ በፈረስ ሜዳ ብዙ አልተስፋፋም። በሰው ሩጫ ግን ሰው አገኘ፤ ቢል ኒደር በሮም 1960 በአሎሎ ውርወራ ወርቅ ያገኘ አሜሪካዊ ነው፤ ከውድድር ከወጣ በኋላ 3ኤም ገብቶ ታርታንን ለአትሌቲክሱ ዓለም ሲያስተዋውቅ የነበረው እርሱ ነው። አሠራሩ ለማየት ቀላል ነው። በተስተካከለ አስፋልት ላይ ፈሳሹ ፖሊዩረቴን ይፈሳል፣ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፣ ሳይደርቅ በላዩ ደቃቅ የጎማ ፍርፋሪ ይበተንበታል። ሲረጋ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ የሆነ ምንጣፍ ይሆናል። ውኃ አያሰምጠውም፤ ሚስማር ቢወጋውም ይዘጋል። መዳመጫም፣ ኖራም፣ ሬክ የያዘ ጠባቂም አያስፈልገውም።

ቶኪዮ 1964 ኦሎምፒክ በአሮጌው ዓይነት መም ላይ የተካሄደ የመጨረሻው ሆነ። መሙ ከተፈጨ ሸክላ የተሠራ ቀይ መም ነበር፤ ዝናቡም አልማረውም። ጥቅምት 14 ቀን የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ሲደረግ መሙ ረጥቦ፣ የውስጥ መስመሩ በሚስማር ጫማ ታርሶ ነበር። ማንም ያልጠበቀው አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስ በ28፡24.4 አሸነፈ፤ ቱኒዚያዊው መሐመድ ጋሙዲ ሁለተኛ፣ የዓለም ባለ ክብረ ወሰን አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ሦስተኛ። አራተኛው ማሞ ወልዴ ነው፤ 28፡31.8። ከሜዳሊያ የለየው 6 ሰከንድ ብቻ ነው። ቦብ ሄይስም 100 ሜትሩን ያሸነፈው ቀድመው በተሮጡ ውድድሮች በተቆፋፈረው አንደኛ መስመር ላይ ነበር። በአፈር መም ላይ ዕጣ የሚያወጣልህ መስመር ከተቃዋሚህ ያላነሰ ጠላት ሊሆንብህ ይችላል። የአፈሩን መም ዘመን በናፍቆት የሚያነሡ አሉ፤ እኔ ከነሱ ጋር አልስማማም። ስምንት ሰው ስምንት የተለያየ መሬት ላይ የሚሮጥበት ውድድር ፍትሐዊ አይደለም።

ቀጣዩ ኦሎምፒክ ሜክሲኮ ሲቲ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር። አዘጋጆቹ የዩኒቨርሲቲውን ስታዲየም በታርታን ለማንጠፍ ወሰኑ፤ በኦሎምፒክ ታሪክ ሰው ሠራሽ መም ይህ የመጀመሪያው ነው። አሜሪካኖች አትሌቶቻቸውን ለከፍታው ለማለማመድ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤኮ ሰሚት በተባለ ተራራ ላይ፣ በዚያው በ2,250 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በመንግሥት ደን መካከል የታርታን መም ዘረጉ። ዛፎቹን አልቆረጧቸውም፤ የመሙ መካከል ጥድ የበቀለበት ጫካ ነበር፣ ሯጮቹም ከዛፎቹ ጀርባ ገብተው ይጠፉና ተመልሰው ይወጣሉ። በዚህ ጫካ ውስጥ ጆን ካርሎስ 200 ሜትርን፣ ሊ ኢቫንስም 400 ሜትርን ከዓለም ክብረ ወሰን በታች ሮጡ፤ ግን አልጸደቀላቸውም። ምክንያቱ ጫማው ነው። የጀርመኑ ፑማ ለአዲሱ ንጣፍ ብሎ በረጃጅም ሚስማሮች ፋንታ 68 ደቃቅ መርፌዎች ያሉበት ጫማ ሠርቶ ነበር፤ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ከደንብ ውጭ ነው ብሎ ከለከለው። በአመድ ላይ ሚስማሩ ረዥም መሆን ነበረበት፤ በታርታን ላይ ግን ረዥም ሚስማር ይይዛል፣ ያዘገያል። መሙ ሲለወጥ ጫማውም መለወጡ የማይቀር ነበር።

ጥቅምት 13 ቀን 1968 የአትሌቲክሱ ውድድር ተጀመረ፤ በዚያው በመጀመሪያው ቀን የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ተካሄደ። ማሞ ወልዴ 36 ዓመቱ ነው። ቶኪዮ ላይ በተቆፈረ ሸክላ የሮጠውን ርቀት አሁን ያልተነካ ቀይ ታርታን ላይ ሊሮጠው ነው። ስስ አየር የቆላውን ሰው አንገላታው፤ ክላርክ ስድስተኛ ሆኖ ገብቶ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ኦክስጅን ተሰጠው። አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ሲቲም ከፍ ትላለችና ለማሞ አየሩ የቤቱ አየር ነበር። በመጨረሻው ዙር ፊት የሄደው እርሱ ነው። ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ግን በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ደርሶበት አለፈው። ቴሙ 29፡27.4፣ ማሞ 29፡28.0፣ ጋሙዲ 29፡34.2። ልዩነቱ 6 ዐሥረኛ ሰከንድ።

ይህ ብር ተገቢው ስፍራ አልተሰጠውም እላለሁ። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ያገኘቻቸው ሁለቱም ሜዳሊያዎች አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ጎዳና ላይ በማራቶን ያመጣቸው ወርቆች ናቸው። በመም ላይ ተሮጦ የተገኘ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የማሞ ወልዴ ብር ነው፤ የተገኘውም በኦሎምፒክ የመጀመሪያው ታርታን ላይ፣ በመጀመሪያው የውድድር ቀን ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 20 ቀን፣ አበበ በሕመም ምክንያት ማራቶኑን አቋርጦ ሲወጣ ማሞ በ2፡20፡26.4 አንደኛ ሆኖ ወደዚያው ስታዲየም ተመለሰ፤ ተከታዩን ጃፓናዊ ከሦስት ደቂቃ በላይ ጥሎ። ወርቁ ብሩን ሸፈነው። ሰው ያስታወሰው ማራቶኑን ነው።

ሜክሲኮ ላይ ታርታን በአንድ ሳምንት ውስጥ የዓለም ስም ሆነ። ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95፣ ቶሚ ስሚዝ 200 ሜትርን በ19.83፣ ሊ ኢቫንስ 400 ሜትርን በ43.86 ሮጡ፤ ቦብ ቢመን ርዝመት 8.90 ሜትር ዘለለ፣ ከነበረው ክብረ ወሰን 55 ሴንቲ ሜትር አልፎ። ከፍታው በአጭር ሩጫና በዝላይ እንደረዳ የታወቀ ነው፤ የአየሩን ድርሻ ከመሙ ድርሻ በንጹሕ ሚዛን መለየት አይቻልም። ቢመን የተንደረደረበት ግን በየትኛውም እርምጃ የማይከዳ ንጣፍ መሆኑ አይካድም። ከዚህ በኋላ ወደ አፈር የተመለሰ ኦሎምፒክ የለም።

ሚዩኒክ 1972 ላይ የተነጠፈው ሬኮርታን የተባለ የጀርመን ምርት ነበር። ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን በ10 ሺህ ሜትሩ መካከል ወድቆ ተነሥቶ በ27፡38.4 የዓለም ክብረ ወሰን ሲያሻሽል ሦስተኛ የገባው ምሩጽ ይፍጠር ነው፤ ማሞም በ40 ዓመቱ በማራቶን ነሐስ አገኘ። በሕግ ረገድ ያ መም ታርታን አልነበረም፤ የሌላ ኩባንያ ዕቃ ነው። የሰው አፍ ግን የንግድ ሕግ አይገዛውም። ጀርመኖች ራሳቸው «ታርታንባን» ማለት ቀጠሉ፤ ስፓኞች «ፒስታ ዴ ታርታን» አሉ፤ ፖላንዶችም ታርታን ብለው ተቀበሉት፤ እኛም እንዲሁ። ስሙ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ የሕዝብ ሆነ።

መሙ ሯጩን ምን ያህል ያግዘዋል የሚለውን ጥያቄ በሒሳብ የመለሱት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ቶማስ ማክማሆንና ፒተር ግሪን የሰውን እግር እንደ ስፕሪንግ ቆጥረው አጠኑት። መሬቱ በጣም ከደደረ እግር ይጎዳል፤ በጣም ከለሰለሰ ጉልበት ይበላል፤ በመካከሉ ግን ሯጩን የሚያፈጥን ልክ አለ። በዚያ ልክ በ1977 ሃርቫርድ ውስጥ የቤት ውስጥ መም ተሠራ፤ የሯጮቹ ሰዓት ከ2 እስከ 3 በመቶ ተሻሻለ፣ ጉዳትም ቀነሰ። ዛሬ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ደንብ ንጣፉ ከእግር ምት ከ35 እስከ 50 በመቶ እንዲውጥ ያዝዛል። ከዚያ በታች ድንጋይ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ፍራሽ።

የታርታን ታሪክ ጥላም አለው፤ መደበቅ አይገባም። የቀድሞዎቹ ፖሊዩረቴን ንጣፎች እንዲረጉ ይጨመርባቸው የነበረው ነገር ሜርኩሪ ነበረበት። በአሜሪካ በዚያ ዘመን በትምህርት ቤት ጂምናዚየሞች ውስጥ የተነጠፉ ወለሎች ከዓመታት በኋላም የሜርኩሪ ትነት ሲያወጡ ተገኝተዋል፤ 3ኤም የተመሠረተባት ሚኒሶታ ጤና ቢሮም ለትምህርት ቤቶች መመሪያ አውጥቷል። ከቤት ውጭ አየሩ ይበትነዋል፤ በዝግ አዳራሽ ግን ሕፃናት ናቸው የሚተነፍሱት። አዲስ መም የሚያሠራ ሁሉ ከዋጋው ጋር የንጣፉን ይዘት መጠየቅ ያለበት ስለዚህ ነው።

ከፖሊዩረቴኑ ጎን ሌላ ዘዴ ተነሣ። ጣልያን አልባ ውስጥ በ1948 የጨዋታ ኳስ በመሥራት የጀመረው ሞንዶ ጎማን በፋብሪካ አብስሎ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ ያመጣል፤ ስታዲየሙ ላይ ተዘርግቶ በሙጫ ይጣበቃል። ከሞንትሪያል 1976 ጀምሮ ከኦሎምፒክ ጋር የሠራው ይህ ኩባንያ ነው። ባርሴሎና 1992 ላይ ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትርን በ31፡06.02 አሸንፋ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን የረገጠችው የሞንዶን ጎማ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ግን ያንንም ታርታን ይለዋል።

የእኛ ሯጮች ታላላቅ ሰዓቶች በዚህ ንጣፍ ላይ ነው የተጻፉት። ኔዘርላንድ ውስጥ ሄንግሎ የምትባል ትንሽ ከተማ ለኢትዮጵያውያን እንደ ሁለተኛ ቤት ናት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1994 የ5 ሺህ፣ በ1995 የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን እዚያ ሰበረ፤ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 5 ሺህ ሜትርን በ12፡37.35 እዚያው ሮጠ። በሰኔ 2021 ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የኢትዮጵያ ቡድን መምረጫ ውድድር የተካሄደውም ሄንግሎ ነው፤ ለተሰንበት ግደይ በዚያ ምርጫ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ29፡01.03 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ፈጣን ሰዓት ማስመዝገብ ከባድ ነው፤ ያ እውነት ነው። የሀገር ቡድን ምርጫ ባሕር ማዶ ሲደረግ ግን የሀገሬው ልጅ ጀግኖቹን ዳር ቆሞ አያይም፤ ይህ ኪሳራ ነው።

ልምምዱ ግን ዛሬም በአብዛኛው አፈር ላይ ነው፤ እንጦጦ ጫካ፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ በቆጂ። በዚህ አላዝንም። ታርታን የሚሰጠውን ፍጥነት ከባትና ከቋንጃ ላይ ያስከፍላል፤ ጥሩ አሰልጣኝ የፍጥነት ልምምድ ሲፈልግ ብቻ ነው የሚገባበት። ችግሩ ሌላ ነው፤ ልጁ አፈር ላይ አድጎ ታርታንን መጀመሪያ የሚረግጠው ለውድድር ሲጠራ ከሆነ እግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተነው በማይገባው ቀን ነው። ሯጭ በሚያፈልቁ ወረዳዎች አንድ አንድ ደህና መም ቢኖር ይህ ይቃለላል።

በፓሪስ 2024 መሙ ወይን ጠጅ ነበር፤ የሞንዶ ሥራ ነው፣ በቅይጡ ውስጥ ከባሕር እንስሳት ቅርፊት የተፈጨ ዱቄት ገብቶበታል። ነሐሴ 2 ቀን ምሽት በ10 ሺህ ሜትር ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ 26፡43.14 ሲገባ በሪሁ አረጋዊ 26፡43.44 ሆኖ ብሩን ወሰደ። ማሞ ወልዴ በዚያው ርቀት ብር ካገኘ 56 ዓመት ሆኖት ነበር።

የስፖርት ጋዜጠኞቻችንና የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ማሞን ሲያነሡ ከሜክሲኮው ማራቶን ጎን ይህን ብር አብረው ይጻፉለት፤ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ መም ላይ ያገኘችው የመጀመሪያው ሜዳሊያ እርሱ ነውና።